ከነደባ እስከ ጀልባ፦ ፊት ማን ይቀመጥ?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ወሬውም ራሱ ስለ መቀመጫ ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንድ የድሮ ተማሪዬ ድሬ ጠያራ ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ግን ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ገና ሻይ ሳይቀርብ «አቦ ቲቸር፣ ጀልባ ገዛሁ!» አለኝ። ሳቅኩ። ሠፈራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው፣ ጠያራ ደግሞ አውሮፕላን። አውሮፕላን በስሙ ውስጥ ያለበት አገር ነው፣ ጀልባ ግን በእኛ በኩል ተሰምቶ አይታወቅም። እሱ አልሳቀም። እቁቡን አንስቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝቷል። ርዝመቷ አራት ሜትር ተኩል፣ ከኋላዋ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ሐረማያ ሐይቅ ላይ እሑድ እሑድ ሰው ሊያንሸራሽርባት ነው።

ችግሩ መቀመጫዋ ነው። የነበራት ወንበር በስብሶ ተነቅሏል። ወረቀቱን ሲዘረጋ የፊቱን ክፍል በሙሉ የሚይዝ፣ እንደ ሳሎን ሶፋ ከሦስት በኩል የዞረ፣ አምስት ሰው የሚያስቀምጥ መቀመጫ ስሏል። ከላዩ ላይ በትልቁ «ቪአይፒ» ብሎ ጽፎበታል። «ፊት የሚቀመጥ ሰው ዋጋው እጥፍ ነው ቲቸር። ፎቶውም ከዚያ ነው የሚያምረው» አለኝ። እኔን የፈለገው ለጌጡ ነው። የድሮ የሐረር ቤት ምስል ከመደገፊያው ላይ ሊያሠራ ፈልጎ «የትኛውን ላድርግ?» ሊለኝ ነው የመጣው።

እኔ ግን ዓይኔ ጌጡ ላይ አልሄደም። አምስት ሰው ከፊት ሲል ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እንደ ልማዴ ታሪክ ላስተምራችሁ፣ አታምልጡኝ።

የመቀመጫ ታሪክ በእኛ አገር የማዕረግ ታሪክ ነው። ከሐረር እንጀምር። ጁገል ውስጥ የጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ወንበር አያይም። የሚያየው ከወለሉ ጋር አብሮ የተሠራ፣ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ነደባ ይባላል። ቁጥራቸው አምስት ነው። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ ቦታ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን ያያል፣ ማን ገባ ማን ወጣ አያመልጠውም። ግድር ነደባ ትልቁ ነው፣ እንግዳ የሚስተናገድበት። ትት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚለው የተሰወረው ነው፣ የባልና የሚስት። አናጢ መጥቶ የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለውም፤ ቤቱ ሲሠራ ማን የት እንደሚቀመጥ አብሮ ተሠርቷል። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ገና ጫማውን ሲያወልቅ ቦታውን ያውቃል።

ይኼ ሐረር ብቻ አይደለም። በደጋውም ቤት መደቡ፣ ዱካው፣ በርጩማው ሁሉ ባለቤት አለው። ሠርግ ላይ «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» እየተባለ ሽማግሌ በግድ ሲጎተት አይታችኋል። «እዚሁ ይበቃኛል» ማለት ጨዋነት ነው፣ ከምር እዚያው መተው ግን ነውር ነው። ከፍታና ፊት ክብር ነው። ዝቅታና ኋላ ደግሞ... ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ይህንን ልማድ ይዘን ነው ሞተር ያለው ነገር ውስጥ የገባነው።

የእኛ የሐረር ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ከፔጆ 404 ሌላ አይጀምርም። ፈረንሳዮች ይህንን መኪና በ1960 እ.ኤ.አ. ነው ለገበያ ያወጡት፤ ቅርጹን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፋብሪካው ረስቶት እንኳ ሐረር ላይ ታክሲ ሆኖ ሲሠራ ቆየ። የ404 አንዱ ጥቅም ማርሹ መሪው ሥር መሆኑ ነው። መሀል ላይ የማርሽ ዘንግ ስለሌለ ከሾፌሩ ጎን ሁለት ሰው ይገባል። ወንበሩ ሲያረጅ ስፕሪንጉ ይጠገናል፣ ልብሱ እንደገና ይሰፋል፤ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ያወጣለትን መኪና ግርግርን የሚያህል የሰፊ ሠፈር ያላት ከተማ ለዚህ ሰው አታጣም። ያ የፊት ወንበር ለአባቶቻችን ሌላ አሚር ነደባ ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ ወጣቱ ከፊት ወርዶ ኋላ ይገባል። መኪናው ምንም አይለውም፤ አራት ጎማ አለው፣ መሬት ይሸከመዋል። ማዕረጋችንን በነፃ ተሸከመልን።

አውሮፕላን ግን እንደዚያ አይደለም። የሠፈሬ ስም አስታውሶኝ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ በአስመራ በኩል ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። ወንበራቸው እንደ ዛሬው ፊት ለፊት የተደረደረ አይደለም፤ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር በሁለቱ ጎን ግድግዳ ተያይዞ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ፊት ለፊት ይተያያል፣ ዕቃው መሀል ላይ ታስሮ ይጫናል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር «ለምን?» ይሉኝ ነበር። መልሱ ቀላል ነው። ያው አውሮፕላን ዛሬ ሰው፣ ነገ ጭነት ይጭናል፤ ወንበሩ መታጠፍ አለበት። በአየር ላይ ደግሞ ክብደት ወደ ፊት ቢበዛ ወይም ወደ ኋላ ቢበዛ አብራሪው ይቸገራል። እዚያ ውስጥ የሰውየው ማዕረግ አይጠየቅም፣ ኪሎው ነው የሚጠየቀው።

ወደ ውሃው ስንመጣ ይኼ ነገር ይብሳል። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ከደንገል ነው የሚሠሩት። ደንገል ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ግን ውሃ ይጠጣል፤ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል። ስለዚህ ሰውና ዕቃ የሚያርፈው ከታንኳው ሆድ ውስጥ በተነጠፈ ሌላ የደንገል እስር ላይ ነው። ከውሃው ከፍ እንዲል፣ ግን እንዳይረዝም። ለእኔ ይኼ ከአገራችን የጀልባ መቀመጫዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፦ ዝቅ ያለ፣ መሀል ላይ ያለ፣ የሚነሳና የሚደርቅ። በወረቀት ላይ የሣለው መሐንዲስ የለም። ውሃው ራሱ ያስተማራቸው ነው።

አፄ ቴዎድሮስም ከዚሁ ውሃ ጋር ታግለዋል። በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ ሰፍረው ሳሉ የእንፋሎት መርከብን የሚመስል ነገር ለማሠራት ሞክረው ነበር። ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች ተሠርተው በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኩር ተገጠመላቸው። ሴባስቶፖልን ያስቀለጠ ንጉሥ ያን ማሰቡ አይገርምም። ግን መድፍ አንዴ ከቀለጠ መድፍ ነው፤ ደንገል ግን ወታደር በበዛበት ቁጥር ይሰጥማል፣ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። የንጉሡ ትእዛዝ ሰዉን ያንቀሳቅሳል፣ ሐይቁን ግን አያንቀሳቅስም።

አሁን ወደ ራሴ ሐይቅ ልምጣ።

1964 ዓ.ም. ነው፣ የ11 ዓመት ልጅ ነኝ። ሐረማያ ያኔ ሞልቶ ነበር። ከሐረር በድሬዳዋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን፣ አባቴ፣ ሁለት እንግዶቹና እኔ፣ ለሽርሽር አንዲት የሳንቃ ጀልባ ላይ ወጣን። ቀዛፊው የሐይቁ ዳር ገበሬ ነው፣ ዓሣም ያጠምዳል። የእኔ እኩያ የሆነ ልጁ አብሮት ነበር፤ ሥራው በቆርቆሮ ከጀልባዋ ውሃ መቅዳት ነው። እንግዶቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ፊት ተቀመጡ። አባቴ ባለቤት ነው፣ እነሱን ሊያጫውት እሱም ፊት ተቀመጠ። ልጁ ከእነሱም ፊት፣ አፍንጫው ላይ ኩርምት ብሏል። እኔ መሀል ነኝ። ኋላ ቀዛፊው ብቻውን።

ትንሽ እንደሄድን ቀዛፊው ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ «ጌቶቼ፣ አንዳችሁ ወደ ኋላ ብትመጡልኝ» አለ። ማንም አልተነሳም። እንግዶቹን አስነሥቶ ኋላ ማስቀመጥ ነውር ነው። አባቴ ደግሞ ዞር ብሎ «እኔ? ኋላ?» አለ፣ ሳቀም። ሰውየው ሁለተኛ አልተናገረም። ነፋስ ተነሣ። ወደ ዳር ልንደርስ ስንል መቅዘፊያውን ሲያቆም የጀልባዋ አፍንጫ ገባ። ውሃው በፊት በኩል ዘለለ፣ ልጁ ከነቆርቆሮው ሄደ።

ተረፈ። አባቱ ዘልሎ በመቅዘፊያው ጎትቶ አወጣው። ዳር ላይ ሲያስመልሰው፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። እንግዶቹ «ይኼ ቀዛፊ ሥራውን አያውቅም» አሉ። አባቴም «አያውቅም» አለ። ለልጁ ልብስ መግዣ ብር ሰጠ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ይቅርታ ግን አላለም። እኔም ሰውየው ምን ብሎ እንደነበር ሰምቼ ዝም አልኩ። 34 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህችን ታሪክ ለአንድም ክፍል ተናግሬ አላውቅም።

ሐይቁም ሄደ። ለጫትና ለአትክልት ውሃው በሞተር ተሳበ፣ ከዙሪያው ተራራ አፈሩ ታጥቦ ገባበት፣ የሐረር ከተማም ለዓመታት ከዚያው ጠጣች። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረር ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ በቧንቧ ውሃ ማምጣት ግድ ሆነባት። እኔ ያን የደረቀ ወለል በእግሬ ተሻግሬዋለሁ። ልጁ የወደቀበትን ቦታ ስፈልግ ነበር፤ አላገኘሁትም፣ ሁሉም ጭቃ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሐይቁ ሲመለስ ደስታዬን የምታስታውሱ አላችሁ፣ እዚሁ ገጽ ላይ ጽፌ ነበር። ፍርሃቴን ግን አልጻፍኩም።

ስለዚህ ተማሪዬን «ተው፣ አምስት ሰው ፊት አታስቀምጥ» አልኩት። መልሱ እውነት ነበረው። «ቲቸር፣ ዕዳ አለብኝ። ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ፊት ለመቀመጥ ነው። እርሶ በታሪክ ነው የሚያወሩት፣ እኔ በወለድ ነው የማወራው» አለኝ። ምን ልበለው? በንግግር እንደማላሸንፈው ገባኝ። «እሺ፣ ሐይቁን እንጠይቀው» አልኩት።

ስድስት ጆንያ አሸዋ ሞልተን፣ እያንዳንዱን 60 ኪሎ አድርገን መዝነን ሄድን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ 60 ኪሎ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ ጀልባዋ 60 ሊትር ውሃ መግፋት አለባት። መሀሏ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ብቻ ዝቅ ብላ ትገፋዋለች። አፍንጫዋ ግን ሹል ነው፣ ከሥሩ የሚደግፈው ውሃ ጥቂት ነው፤ ያንኑ 60 ሊትር ለመግፋት ብዙ ዝቅ ማለት አለበት። ይህን በሰሌዳ አላስተማርኩትም። ከዳር ቆሞ በጣቱ ለካ። ሁለት ጆንያ ፊት ስናደርግ ከጠርዙ እስከ ውሃው ደህና ነበር። ሦስተኛው ሲገባ ዝም አለ። አምስተኛው ሲገባ ጀልባዋ እንደሚጠጣ በሬ አቀረቀረች፣ የቀረው ስድስት ጣት ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ። ሐረማያ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ 15 ፈረስ የተባለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የከበደ አፍንጫ ብድግ ለማድረግ የሚተርፈው ነገር የለም።

ተማሪዬ ወረቀቱን አወጣና «ቪአይፒ» የሚለውን በስክሪፕቶ ሰረዘው። እኔ ምንም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሱና የአናጢው ነው፣ እኔ ተመልካች ነኝ። ለእናንተም ሊጠቅም ይችላልና እንዴት እንደሠሩት ልንገራችሁ።

የፊቱ መቀመጫ ሁለት ሰው ብቻ እንዲይዝ ጠበበ፤ ወደ አፍንጫው ሳይሆን ወደ መሀል ተጠጋ። ከወለሉ 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ሰው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ጀልባዋ አትወዛወዝም። ልኩን የወሰዱት በካርቶን ነው። የጀልባ ሆድ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሌለው ሜትር ብቻ ይዋሻል፤ ካርቶኑን እየቀደዱ እስኪገጥም ሞክረው ከዚያ ነው ኮምፔንሳቶውን የቆረጡት። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀለም አጠጡት፣ ኮምፔንሳቶ የሚበሰብሰው ከጠርዙ ነውና። ከሥሩ ቀዳዳ ተበሳለት፣ የገባ ውሃ እንዲወጣ። ስፖንጁን መጀመሪያ የሶፋ ሊያደርጉት ነበር፤ እሱ እንደ ደንገሉ ውሃ ይጠጣል። ውሃ የማይጠጣውን ፈልገው አገኙ። ክሩ የጥጥ አይደለም፣ ናይለን ነው። ስፌቱም ከላይ ሳይሆን ከጎን ሆነ፣ ከላይ ያለ ስፌት ዝናብ ያስገባል። ልብሱ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ነጣ ያለ ሆነ፤ በዚያ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ላይ ጥቁር ቪኒል ምጣድ ነው።

ክዳኑ በማጠፊያ ይከፈታል። ከሥሩ ላይፍ ጃኬቶች አሉ፣ ክዳኑ ሳይቆለፍ። የልጆች ልክም አለ፤ ያንን እኔ ነኝ ያስገደድኩት።

ቀሪው ሰው መሀል ላይ፣ እንደዚያ ድሮ አውሮፕላን በሁለቱ ጎን ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። መቀመጫው ሁሉ በብሎን ነው የታሠረው፣ አልተለጠፈም። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «ሐይቁ ከሄደ ፈትቼ ቤቴ መደብ አደርገዋለሁ» አለኝ። ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ሙሉ አልነበረም።

ስለ ዋጋውስ? መፍትሔውን ያገኘው አናጢው ነው። «ሁለት ሰው ከሆነ የሙሽራ ወንበር በሉት» አለ። ይኸው ሆነ። ሙሽሮች በእጥፍ ይከፍላሉ፣ ፎቶም ይነሳሉ። እሱ ዕዳውን ቀስ እያለ እየከፈለ ነው። እኔም አንድ ነገር ተማርኩ፦ ሰው ከፊት ወንበር አይነሳም፣ ወንበሩን ግን ማጥበብ ይቻላል።

ጀልባዋ ሥራ የጀመረችበት እሑድ እኔንም ጠራኝ። ሰዉ ሁሉ ያከብረኛል፣ ይመስገነው፤ «ቲቸር ፊት! ቲቸር ፊት!» ተባለ። ተማሪዬ ዝም ብሎ አየኝ። እኔም ሄጄ ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጫጫታ አለው፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ውሃ ይረጫል። ከዚያ ግን የሁሉንም ሰው ጀርባ ታያላችሁ፣ አፍንጫዋ ምን ያህል ከፍ እንዳለችም ታያላችሁ። ያ ቀዛፊ በ1964 ያየውን ነገር ከዚያ ቦታ ሆኜ አየሁት። እሱ አሁን በሕይወት የለም ይሆናል። ልጁ ግን ካለ፣ የእኔ እኩያ ነው። አባቱ ሥራውን ያውቅ ነበር። ይህን በአደባባይ ለማለት 50 ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

እናንተስ? ከመድረቁ በፊት ሐረማያ ላይ ጀልባ የወጣ፣ ፎቶ ያለው፣ ወይም ከአባቱ የሰማ ካለ ከታች ይጻፍልኝ። በተለይ የሐይቁ ዳር ልጆች። የት ተቀምጣችሁ ነበር?